በጥምቀት ዕለት የተጻፈው ደብዳቤ

ጋዜጣ ላይ መሥራት የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዜና ክፍላችን ውስጥ ኢንተርኔት ያላቸው ኮምፒውተሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ የዋና አዘጋጁ ነው፣ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ዜና የምንለቅመው በእግራችን ነበር። ጠዋት ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት ጋዜጣዊ መግለጫ፣ ማታ ስልክ። ዛሬ አንድ ጀማሪ ሪፖርተር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌግራም ቢከፍት፣ እኔ ያኔ በሳምንት የማላገኘውን በአንድ ሰዓት ያያል። ደስ ይላል። ያስፈራልም። ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ጀማሪዎች ነው። እኔ ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ እንድትወስዱት። እውነቱን ለመናገር ትልቁን የከፈለችው እኔ ሳልሆን ሌላ ሴት ናት። እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ ውሸት ሳይሆን እውነት ነው። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ገጾች በፎቶ ተነስተው ፌስቡክ ላይ ወጡ። አይቻቸዋለሁ። «ፎቶሾፕ ነው» ብዬ አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው ሾልኮ መውጣቱን አምኖ ሰረዘው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ፈተናን ምክንያት አድርጎ ማህበራዊ ሚዲያ ለቀናት ተዘጋ። ያን የሚያህል ዜና እጄ ላይ ወድቆ እኔው አራግፌዋለሁ። ቁጭቱ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ፌስቡክ ላይ የወጣ ነገር ይዋል ይደር እንጂ እውነት መሆኑ አይቀርም ማለት ጀመርኩ።

ጋሼ ሁለት ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። ዋና አዘጋጃችንን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። «ልጄ፣ እሱ ጥቆማ ነው እንጂ ምንጭ አይደለም» ይለኝ ነበር። የድሮ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 እሑድ ነበር። ጋዜጣችን ከወጣ አንድ ቀን ሆኖታል። ቤት ቡና እየተፈላ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ወደ ናይሮቢ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ግንኙነቱ ተቋርጧል። እኔ መርዶውን ያነበብኩት የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የትዊተር ገጽ ላይ ነው። በኋላ ቁጥሩ ታወቀ፤ 157 ሰው።

ኦንላይን ምን ያህል እንደሚጠቅምም እንደሚያሳስትም በአንድ ቀን አየሁ። ፍላይትራዳር24 የተባለው የበረራ መከታተያ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሽቅብ የሚወጣበት ፍጥነት ያልተረጋጋ እንደነበር የራሱን መረጃ ጠቅሶ አወጣ። ማንም ባለሙያ ካሜራ ፊት ቀርቦ ሳይናገር መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ግን ከአደጋው ጋር ምንም የማይገናኙ ፎቶዎች «የዛሬው ነው» እየተባሉ ይዞሩ ነበር። አንዱን እኔም ለባልደረቦቼ ልኬዋለሁ። ስብርባሪው አጠገብ ውኃ ይታያል። ቢሾፍቱ ስለተባለ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። አውሮፕላኑ የወደቀው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ማሳ ላይ ነው። ጋሼ ደውሎ «ሐይቁ የት ነው ያለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ጋዜጣችን የሚወጣው ከስድስት ቀን በኋላ ስለነበር ፎቶው የትም አልደረሰም። ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ መሥራት እንዲህ ያድናል። ሁልጊዜ ግን አያድንም።

በዓመቱ ሌላ ዓይነት ትምህርት መጣ። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ያን ቀን ስልኬን ከፍቼ ሰው ልፈልግ ስል ነው ጉዴ የታየኝ። ምንጮቼ በሙሉ ቴሌግራም ላይ ያሉ ቅጽል ስሞች ናቸው። ሻሸመኔ ውስጥ ሁሉን የሚነግረኝ አንድ ልጅ ነበር። ስሙ የተቀመጠው «የሻሼው ልጅ» ተብሎ ነው። ቁጥሩን አላውቅም። ሙሉ ስሙን አላውቅም። ጋሼ ከመሳቢያው ዳር ዳሩ የተበላ ደብተር አወጣና በመደበኛ ስልክ ይደውል ጀመር። እስከ ማታ ከሰባት ከተማ ሰው አናገረ። እኔ ከአንድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኼ ነው። ኦንላይን አንድ ጠቃሚ ሰው ስታገኙ፣ በዚያው ቀን ስልክ ቁጥሩን ጠይቁት። የሱ ስልክ ባይሠራ የማንን ልደውል ብላችሁም ጠይቁ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፉት። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ጎረቤቱን፣ የሰፈሩን መድኃኒት ቤት፣ የወረዳውን ቢሮ መደበኛ ስልክ ሁሉ። ደስ የማይል ሥራ ነው፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ያላችሁ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

ጥር 2013 ነው። የከተማ አስተዳደሩ በሕገ ወጥ መንገድ ስለተያዙ ኮንዶሚኒየሞች ያስጠናውን ጥናት በዚያ ሰሞን ይፋ አድርጓል። አዲስ አበባ የሚያወራው ስለ ቤት ብቻ ነበር። ታክሲ ውስጥ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ቤት። ሐሙስ ማታ ቴሌግራም ላይ አንድ ደብዳቤ አየሁ። ከአንድ የከተማው ቢሮ ለወረዳዎች የተጻፈ ይመስላል። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቤቱን አከራይተው ከተገኙ ውላቸው እንዲቋረጥ፣ ወረዳዎችም በ15 ቀን ውስጥ አጣርተው እንዲያሳውቁ ያዛል። አርማ አለው። ክብ ማህተም አለው። ቲተር አለው። ግልባጭ ሁሉ አለው። የኛ ሰው ደግሞ ማህተም ካየ ጥያቄ አያበዛም፤ እኔም የኛ ሰው ነኝ።

ገጽ የምናስረክበው ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ማተሚያ ቤት ይገባል። ዓርብ ጠዋት ደብዳቤውን ፈለግኩት። አራት የቴሌግራም ቻናል ላይና ሁለት የፌስቡክ ገጽ ላይ አገኘሁት። ስድስት ቦታ ካየሁት ስድስት ምንጭ ያለኝ መሰለኝ። ወደ ቢሮው ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አልተነሳም። የደወልኩት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የመንግሥት ቢሮ ምሳ ላይ መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ አለ? እኔም አውቃለሁ። ልቤ ግን ስልኩ እንዳይነሳ ይፈልግ ነበር መሰለኝ። ቢነሳ ዜናው ሊፈርስ ይችላላ። ከዚያ ያቺን የታወቀች ዓረፍተ ነገር ጻፍኳት፦ «የቢሮውን ኃላፊዎች ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም።» ጋሼ ያን ዕለት ለቅሶ ሄዶ አልነበረም። ዜናው የፊት ገጽ ላይ ወጣ።

ሰኞ ቢሮው ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑን ገለጸ። ማክሰኞ የቢሯችን ጸሐፊ የታተመውን የደብዳቤ ፎቶ እያየች ቆመች። እኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች። «ይሄ እኮ ጥር 11 ነው የሚለው» አለች። «በጥምቀት ዕለት ማነው ወጪ ቁጥር የሰጠው?»

ዝም አልን።

ታቦት ወጥቶ፣ ከተማው ጃን ሜዳ ላይ ሆኖ፣ የትኛው መዝገብ ቤት ነው ተከፍቶ ደብዳቤ ቁጥር የሚሰጠው? ከዚያ ስድስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ሁሉም ላይ ከታች በግራ ጥግ በኩል አንድ አውራ ጣት አለ። ወረቀቱን የያዘው ሰው ጣት ነው። ጥፍሩ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ስድስቱም ላይ ያቺው ጣት፣ ያቺው ነጥብ። ስድስት ምንጭ ያልኩት አንድ ፎቶ ኖሯል።

ረቡዕ ጥበቃው «እንግዳ አለሽ» አለኝ። በር ላይ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ቆማለች። ጋዜጣችንን አራት ቦታ አጥፋ ይዛዋለች፤ ዘይት ነክቶታል።

«እህቴ፣ ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስቱዲዮ ተከራይታ ነበር የምትኖረው። አከራይዋ ቅዳሜ ጋዜጣውን አንብበው ደነገጡ። ቤቴን ሊነጥቁኝ ነው ብለው በሦስት ቀን ልቀቂ አሏት። ሰኞ በቴሌቪዥን ሐሰት ነው ሲባል ነገረቻቸው። «‹ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ› ነው የሚሉኝ» አለች። ፌስቡክ ላይ ቢሆን ኖሮ ላያምኑ ይችሉ ነበር። ያመኑት ስለታተመ ነው። ማክሰኞ ዕቃዋን አክስቷ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ሸፍና አደረች። አልጮኸችም። አልተሳደበችም። ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «አሁን ውሸት ነው ብለሽ በትልቁ ጻፊልኝና ላሳያቸው» ብቻ አለችኝ።

ማረሚያው የወጣው ቅዳሜ ነው። ገጽ 2፣ ከታች፣ ክብሪት ሣጥን የምታክል። በትልቁ እንዲወጣ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። አሁንም ድረስ የምከራከርበት ነገር ነው። የፊት ገጽ ላይ የተሳሳተ የፊት ገጽ ላይ ይታረም። የድርጅቱ ጠበቃ ደግሞ አስቀምጦ ስለ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አስረዳን። ሐሰተኛ መረጃ በኅትመት ሚዲያ ሲሰራጭ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት እንደሚያስከትል። ፈራሁ፣ አልዋሽም። እንቅልፍ የነሳኝ ግን አዋጁ ሳይሆን በላስቲክ የተሸፈነው ዕቃ ነው።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ከሥሩ ቀየርኩ። ደብዳቤ ካገኘሁ መጀመሪያ የማየው ማህተሙን አይደለም። ቀኑን ነው። በዓል ነው? እሑድ ነው? ከዚያ የወጪ ቁጥሩን። ከዚያ ከዚያው ቢሮ በዚያው ወር የወጣ እውነተኛ ደብዳቤ ፈልጌ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። የኃላፊው ማዕረግ አጻጻፍ ይለያያል? ግልባጩ የሚሄድለት ክፍል አሁን አለ ወይስ ስሙ ተቀይሯል? ቃል አቀባዩ ካላነሳ መዝገብ ቤቱን እጠይቃለሁ። መዝገብ ቤት ያሉ ሰዎች ፖለቲካ አይፈሩም፤ «ይሄ ቁጥር የኛ አይደለም» ለማለት ማንንም አያስፈቅዱም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ከየት ተላለፈ» የሚለውን እከተላለሁ። ከደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቼ እፈልግና መጀመሪያ የለጠፈው ማን እንደሆነ እስካገኝ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ መነሻው ሃምሳ ተከታይ ያለው ቻናል ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ፖስቱ ጠፍቷል። ፌስቡክ ላይ የአንድን ገጽ ማንነት ለማወቅ «ፔጅ ትራንስፓረንሲ» የሚለውን ክፈቱ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ የሚያስተዳድሩት ሰዎች የት አገር እንዳሉ ይነግራችኋል። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ስምና አርማ የያዘ ገጽ ከፍቼ ባየው፣ የቀድሞ ስሙ የፍቅር ጥቅሶች ነበር። ቢሮው እስኪስቅ ሳቅን።

ፎቶው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ለመፈለግ ጉግል ሌንስ ብቻ አይበቃም፤ ያንዴክስንና ቲንአይንም ሞክሩ። ሰዎች ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጠው ስለሚለጥፉት ገልብጣችሁም ፈልጉ። ቪዲዮ ከሆነ ከመካከሉ ግልጽ የሆነ ቦታ ላይ ስክሪንሾት አንስታችሁ እሱን ፈልጉ። ከሁሉ በፊት ግን ዓይናችሁን ተጠቀሙ። «አዲስ አበባ በጎርፍ ተጥለቀለቀች» የሚል ቪዲዮ መጥቶልን ነበር። ልጆቹ ርዕስ እየመረጡ ነው። ሚኒባሶቹን ተመልከቱ አልኳቸው። በመንገዱ ግራ በኩል ነው የሚነዱት። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ ኬንያዎች በግራ። ታርጋ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ያለ ስልክ ቁጥር፣ የታክሲ ቀለም፣ የሰዎቹ አነጋገር፣ ሁሉም ይናገራል።

አንድ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። ሰው ፎቶ ሲልክላችሁ በቴሌግራም «ፋይል አድርገህ ላክልኝ» በሉት። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም መረጃውን ይገፈዋል። ፋይል ሆኖ ከመጣ ግን መቼ እንደተነሳ፣ አንዳንዴም የት እንደተነሳ አብሮ ይመጣል። ራሱ ያላነሳው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይሉ የለውም። «ቆይ ልጠይቅልህ» ሲል ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ሰዓትም ያሳስታል። የኛ ሰው «ስምንት ሰዓት ላይ» ብሎ ከጻፈ ከሰዓት በኋላ ይሁን ከሌሊቱ፣ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ ጠይቁ። ዋሽንግተን ያለ ሰው ስለ አዲስ አበባ ሲጽፍ በመካከላችን ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት አለ። «ዛሬ ጠዋት» ያለው የማን ጠዋት ነው? ቀንም እንደዚሁ፤ ግማሹ ሰው 5/3 ሲል በኢትዮጵያ ነው፣ ግማሹ በፈረንጅ።

ሌላ የማፍርበት ነገር አለ። 2014 ላይ የመምህራን ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ስለ ደመወዝ መዘግየት ይነጋገሩ ነበር። አንዱ የጻፈው እውነት ነው፣ አጣርቻለሁ። ግን ሳልጠይቀው በስሙ ጠቅሼ አወጣሁት። ወረዳው ጠርቶ አስጠነቀቀው። ደውሎ «እኔ እኮ ለጓደኞቼ ነው የጻፍኩት» አለኝ። ልክ ነው። እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሰው ኦንላይን የጻፈውን ነገር ሁሉ ለጋዜጣ የሰጠው አይምሰላችሁ። በተለይ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የለጠፈውን። ጋዜጠኛ መሆናችሁን ተናገሩና ፍቀዱልኝ በሉ። አይሆንም ካሏችሁ አይሆንም ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ኦንላይንን ተዉት ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ያረካኝ ዜና የተገኘው ከዚያ ነው፤ ሰው ከሚንጫጫበት ሰፈር ሳይሆን ማንም ከማይሄድበት። የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ መመሪያ፣ ረቂቅ አዋጅ፣ ጨረታ፣ የኦዲት ሪፖርት ተቀብሮ ይቀመጣል። ጉግል ላይ ከቃሉ በፊት ድረ ገጹን ለይታችሁ፣ ፒዲኤፍ ብቻ ብላችሁ ፈልጉ። አንድ ቀን በዚህ ዘዴ አንድ የጨረታ ማስታወቂያ አገኘሁ። የተጫራቾች መሥፈርት ለአንድ ሰው የተለካ ልብስ ይመስላል። ከመደወሌ በፊት ገጹን ዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀኑ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ደወልኩ። በማግስቱ ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ጠፍቷል። «እንዲህ የሚል አልወጣም» አሉኝ። የተቀመጠውን ቅጂ ከነቀኑ ላክሁላቸው። ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ በጣም አጭር ነው። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፤ መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ከዚያ ደውሉ።

ጊዜ ሲያጥር እነ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ የመሳሰሉ መረጃ አጣሪዎች ቀድመው አጣርተውት እንደሆነ እዩ። የባለሥልጣን ድምፅ የሚያስመስል ኤአይም መጥቷል። ድምፁን ለማመን አትቸኩሉ፤ የት፣ መቼ፣ ማን ፊት ነው የተናገረው ብላችሁ እዚያ የነበረ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ያቺ ሴት አሁን የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ስልኳ የወረቀት ደብተሬ ላይ አለ። ባለፈው ወር ማታ ላይ አንድ ደብዳቤ ላከችልኝ። ስለ ቤት ኪራይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለው ነበር። ከሥሩ «ይሄስ?» ብላ ጽፋለች።

ቀኑን አየሁ። ሐሙስ ነው፣ በዓልም አይደለም። ጥጉ ላይ ጣት የለም። «ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ደውዬ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ለአከራይሽ እንዳታሳያቸው» አልኳት።